በልጄ ድምፅ

መጋረጃውን እስከ ጥግ ስቤ ጫፉን በልብስ መቆንጠጫ ይዤዋለሁ፤ ብርሃን ግን እንደ ወሬ ነው፣ ቀዳዳ አያጣም። ሾልኮ ገብቶ ትራሴ ላይ ተጋድሟል። እሱ ተኝቷል፣ እኔ አልተኛሁም። ሌሊቱን ሙሉ የሆስፒታል አንሶላ ስናጥብና ስናጣጥፍ አድረን፣ ጠዋት ልጄን አልብሼ፣ አብልቼ፣ ለትምህርት ቤቱ ትንሽ አውቶቡስ አስረክቤ፣ ሁለት ሰዓት ላይ እዚህ አልጋ ውስጥ ገባሁ፤ አሁን አምስት አለፈ። ከላይ ፎቅ ያለው ሰውዬ ወንበር ይጎትታል፣ ውሃ በቧንቧው ውስጥ ይወርዳል፣ የሌላው ሰው ቀን ጀምሯል። ማታ እንደገና ሥራ እገባለሁ፣ መተኛት አለብኝ፣ ግን እንቅልፌ ትናንት እናቴ ያለችውን ሰምቶ ሸሽቷል። «ወንድምሽ ስልክ ገዛልኝ፤ ፊት የሚያሳየውን። ነገ አሥር ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ከእንግዲህ የልጅ ልጄን ዓይን ዓይኗን እያየሁ ነው የማወራት። አፏ ሲንቀሳቀስ ማየት እፈልጋለሁ።» እሺ እማዬ አልኳት። እኔ ሁልጊዜ እሺ ነው የምለው፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼም፣ ባሕር ተሻግሬም፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ሞልቶኝም እሺ ነው የምለው። ስልኩን ዘግቼ ኩሽና ውስጥ ቆምኩ፣ ዕቃ ማጠቢያው ላይ የተከደነ ድስት ነበር፣ ከፍቼ አየሁት፣ ባዶ ነው፣ እንደገና ከደንኩት።

ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው፣ አትናገርም። አንድም ቃል ተናግራ አታውቅም። እናቴ ግን ላለፉት አራት ዓመታት እሑድ እሑድ ከልጄ ጋር በስልክ ስታወራ ኖራለች። ታጫውታታለች፣ ትመርቃታለች፣ ትምህርት እንዴት ነው ትላታለች፣ መልስም ታገኛለች። የምትመልስላት እኔ ነኝ። ይህንን ለራሴ እንኳ በዚህ ዓይነት ቀጥ ባለ ዓረፍተ ነገር ነግሬው አላውቅም፣ ሁልጊዜ ዙሪያውን ነበር የምዞረው፣ ዛሬ ግን እንዲህ ነው፤ እኔ ነኝ። ድምፄን አቅጥኜ፣ ምላሴን ወደ ላንቃዬ አስጠግቼ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ፣ ልጄን ሆኜ ከእናቴ ጋር አወራለሁ።

ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ሁለት ነገር አለ። ወይ እውነቱን እነግራታለሁ፣ ወይ ሌላ ውሸት እፈልጋለሁ። እፈራለሁ፣ ግን ለልጄ አልፈራላትም፤ ስለ ልጄ ማንም መጥቶ ቢጠይቀኝ ዓይኔን ሳላርገበግብ እመልሳለሁ። ጠይቁኝ። እጇን ለምን ታርገበግባለች? ጥርሷን ለምን ታፋጫለች? አውቃለሁ። ይህን ማወቅ በነጻ አልመጣልኝም፣ ግን አውቃለሁ። ንቢት ነው የምላት፣ ስትደሰት ከአፍንጫዋና ከጉሮሮዋ መሀል እንደ ንብ የሚያጉረመርም ድምፅ ስለምታወጣ። በመስኮቱ በኩል የዛፍ ቅጠል ሲወዛወዝ ታያለች፣ ድምፁ ይጀምራል፣ ከዚያ ሁለት እጇ ከትከሻዋ ጀምሮ ይርገበገባል፣ በእግሯ ጣት ትነሳለች፣ መላ አካሏ ሊበር የተዘጋጀ ይመስላል። ያ ደስታ ነው። ሌላው ልጅ «እማዬ እይው!» ብሎ የሚያወጣውን እሷ በእጇ ታወጣዋለች። ሲከፋት ደግሞ እጇ ያው እጅ ነው፣ ግን ፍጥነቱ ሌላ፣ ከእጅ አንጓ በታች ብቻ፣ ጣቶቿ ተገትረው፤ ያን ጊዜ ራሷን እየያዘች ነው፣ ደረጃ ላይ የሚንሸራተት ሰው መደገፊያ እንደሚጨብጠው ማለት ነው። የመደገፊያውን እንጨት ነቅሎ «ቀጥ ብለሽ ውረጂ» የሚላት ሰው ጨካኝ ነው። ያ ጨካኝ ሰው እኔ ነበርኩ።

አራት ዓመቷ ነበር፤ ያን ክረምት አልረሳውም። አውቶቡስ ውስጥ ሰው ያየናል፣ ወይም የሚያየን ይመስለኛል፣ እኔ ሰው ሲያየኝ ጆሮዬ ድረስ የምቀላ ሴት ነኝ፣ ልጅ ሆኜ አስተማሪ ስሜን ሲጠራ «አቤት» ማለት አቅቶኝ ቀሪ የተባልኩ ነኝ። «እጅሽን ሰብስቢ» እላታለሁ። «ኧረ እጅሽን ሰብስቢ፣ ሰው ምን ይላል?» ሰው ምንም አይልም፣ ሰው ስልኩን ነው የሚያየው። አንድ ቀን መርፌና ክር አነሳሁ። የካፖርቷን ኪስ አፍ አጠበብኩት፤ እጇ ገብቶ በቀላሉ እንዳይወጣ አድርጌ፣ በጥሩ ስፌት፣ በድርብ ክር። እኔ ስፌት እችላለሁ። ልጄም ኪሷ ውስጥ እጇን ከትታ አጠገቤ ቀጥ ብላ ተቀመጠች፣ ሰውም አላየንም፣ እኔም «ተሻላት» አልኩ። በሳምንቱ ጥርሷን ማፋጨት ጀመረች።

እንዲህ ዓይነት ድምፅ ከሕፃን አፍ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲጎተት ነው የሚመስለው። ቁርስ ላይ፣ መታጠቢያ ውስጥ፣ እንቅልፏ ውስጥ። ከድምፁ በፊት ደግሞ ዝምታው ውስጥ ሆኜ እጠብቀው ነበር፣ አሁን ይጀምራል፣ አሁን ይጀምራል እያልኩ፣ እኔም የራሴን ጥርስ ነክሼ። ምን አሰብኩ? ያደግሁበት ቤት ያስተማረኝን ነዋ። እኛ ቤት ጥርሱን የሚያፋጭ ልጅ ሆዱ ውስጥ ወስፋት አለ፤ ወንድሜ ሲያፋጭ እናቴ አፍንጫውን ይዛ መራራውን ታጠጣው ነበር፣ ወዲያው ያቆማል፣ ድኖ ይሁን ፈርቶ ማንም አልጠየቀም። ስለዚህ ፋርማሲ ሄጄ የወስፋት ሽሮፕ ገዛሁ። አጠጣኋት። አላቆመችም። በሌላ ወር ደገምኩ። ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ፋርማሲስቷ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ «ትል አይተሻል?» አለችኝ። አላየሁም። «ታዲያ ማን ነገረሽ?» እናቴ። «እናትሽ ሐኪም ናቸው?» ከሐኪም ይበልጣሉ፣ አልኳት፣ እኔ እንዲህ ብዬ መመለሴ ራሴን አስደነገጠኝ፣ ሽሮፑን ሳልገዛ ወጣሁ። ሌላም ሐሳብ ነበረኝ፣ ከወስፋቱ የከፋ። ጥርስ ሲፋጭ ሰው ሲጠላህ ነው። ልጄ ጠልታኛለች፣ ጥርስ ውስጥ አስገብታኛለች፣ እጇን ስለሰፋሁባት ሌላ ምን ታድርገኝ እያልኩ በመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አንድ ቀን ደግሞ አገጯን በመዳፌ ግጥም አድርጌ ያዝኩት፣ እንዲቆም። ቆመ። ዓይኗን ወደ እኔ አዞረች፣ እሷ ዓይን የማታይ ልጅ፣ አየችኝ። እጄን ለቀቅሁ። ይህን ልጄን ለምታክማት ቴራፒስትም አልነገርኳትም።

ያዳነኝ አንድ የማሽን ጠጋኝ ነው። በምሠራበት የልብስ ማጠቢያ ቤት ሁላችንም «ጆሮ» ነው የምንለው፣ ሽማግሌ ነው፣ ማሽን ሲበላሽ መጀመሪያ የሚያነሳው መፍቻውን አይደለም፣ ጆሮውን ነው፤ ቆብ አውልቆ ጉንጩን ብረቱ ላይ ይለጥፋል። እኔና እሱ የዚህን አገር ቋንቋ እኩል ስለምንሰብረው ከሁሉም በላይ የምንግባባው እኛ ነን። አንድ ሌሊት የእኔ ማሽን መንቋቋት ጀመረ፣ እኔ ሮጬ ላጠፋው ስል እጄን ያዘኝ። «ለምን ታጠፊዋለሽ?» ይጮሃል አልኩት። «ይጩህ እንጂ! ዝም ያለ ማሽን ነው የሚቃጠለው። መቼ ጀመረ? ሲሞላ ነው ሲሽከረከር? እርጥቡ ከበዛ በኋላ ነው በፊት? ጻፊልኝ።» ማሽኖቹ ጎን ላይ በክር የታሰረ እስክሪብቶና ደብተር አለ፣ ሰዓቱን፣ የልብሱን ዓይነት፣ ድምፁ የጀመረበትን እንጽፍበታለን፣ ስንት ዓመት ጽፌያለሁ። ያን ሌሊት ግን ጻፍኩና እስክሪብቶውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። «ምን ሆንሽ?» አለኝ። ምንም። ጠዋት ወደ ቤት ስሄድ ባለ መስመር ደብተር ገዛሁ።

ምን ሰዓት፣ ከዚያ በፊት ምን ሆነ፣ ከዚያ በኋላ ምን ሆነ። ስድስት ሳምንት ጻፍኩ። መጀመሪያ ሁሉም አንድ ድምፅ ነበር፣ በሦስተኛው ሳምንት ጆሮዬ ተከፈተ። በፊት ጥርሷ ብቻ፣ ቀለል አድርጋ፣ ከማጉረምረሟ ጋር የምታፋጨው አለ፤ ያ ሥራ ፈትቶ ጣት እንደማንኳኳት ነው፣ አይነካም፣ ይለፍ። መንጋጋዋን ወደ ግራ አዙራ፣ ረጅምና ከባድ፣ ጆሮዋን በትከሻዋ ደፍና የምታፋጨው አለ፤ ያን ጊዜ ክፍሉ ውስጥ ድምፅ በዝቶባታል፣ የቫኪዩም መጥረጊያ ወይም ሰው ወይም የሁለት ሰው ወሬ፣ መንጋጋዋ ውስጥ ያለው ጫና የውጭውን ጩኸት ይሸፍንላታል። የሚጠነክር ነገር ስሰጣት፣ የዳቦ ቅርፊት፣ ካሮት፣ በኋላ ቴራፒስቷ የሰጠችን በአንገቷ የሚንጠለጠል ማኘኪያ ላስቲክ፣ ወይም ሁለት መዳፌን ጉንጮቿ ላይ አድርጌ ቀስ ብዬ ስጫን፣ እንደዚያ ቀን እንደ መዝጊያ ሳይሆን እንደ ትራስ፣ ትረጋጋለች። ሌላ አንድ ደግሞ ነበር፤ አጭር፣ ቁርጥ ቁርጥ የሚል፣ ራሷን በሩ ላይ አስደግፋ። ደብተሩን ስገልጥ ሁልጊዜ ከላዩ የተጻፈው አንድ ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ።

የጥርስ ሐኪሙ «እንደነዚህ ያሉ ልጆች ያፋጫሉ፣ ልማድ ነው» አለኝ፣ ጓንቱንም አወለቀ። እኔ ሐኪም ፊት ድምፄ የማይወጣ ሴት ደብተሬን አወጣሁ። አነበብኩለት። በዚህ ቀን ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከዚያ አጭሩ ማፋጨት፣ በዚህ ቀን ቀዝቃዛ ወተት፣ ከዚያ አጭሩ ማፋጨት፣ እያልኩ አሥራ አንዱንም ቀን ሳልዘል። ድምፄ ወጣ። ጓንቱን መልሶ አጠለቀ። የኋላ የወተት ጥርሷ ከሥሩ በስብሶ፣ ድዷ ውስጥ መግል ይዟል፤ ስንት ወር እንደተሸከመችው እግዜር ይወቅ። ነቀሉላት፣ ያ አጭሩ ማፋጨት ዳግመኛ አልመጣም። ቤት ስገባ የካፖርቷን ኪስ ስፌት ተረተርኩ። የተረተርኩት ቀን ሳይሆን በወሩ ነው የከባዱም ድምፅ የቀነሰው፤ ጨርሶ አልጠፋም፣ እንዲጠፋም አልጠብቅም። እጇን ስዘጋባት ነው ጥርሷ የከፈተው። ይህን ማንም አልነገረኝም፣ ደብተሩ ነው የነገረኝ፣ ቴራፒስቷም ስነግራት «ትክክል ነሽ» አለችኝ። ደግሞ ምን አለችኝ፣ «አንቺስ ስትጨነቂ ምን ታደርጊያለሽ?» ምንም አልኳት። «አውራ ጣትሽስ?» ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ አውራ ጣቴ የሌሎቹን ጣቶች አንጓ አንድ በአንድ እየቆጠረ ነው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ፣ አስተማሪ ስሜን ሊጠራ ሲል ጀምሮ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የማውቅ ሴት ነኝ። ቅጽ ይሰጡኛል፣ «ልጅዎ ስንት ቃላት ትናገራለች» የሚል ሳጥን አለው፣ በጥቁር እስክሪብቶ ዜሮ ብዬ እጽፋለሁ፣ እፈርማለሁ። ለማላውቃቸው ሰዎች እውነቱን እፈርማለሁ፣ ለወለደችኝ ግን...

አባቴ በሞተ በሁለተኛው ወር ነው። አልሄድኩም፣ ወረቀቴ አልተስተካከለም ነበር፣ የልጄም አባት በሥራ ስም ሌላ አገር ሄዶ እዚያው የቀረው በዚያው ሰሞን ነው፣ ቀብር በስልክ ሰማሁ። እናቴ በየቀኑ ትደውላለች፣ አትስቅም፣ ስትናገር ዓረፍተ ነገሯ መሀል ላይ ይቆማል። «ያቺን ልጅ ስጪኝ» አለች፣ «ድምፅዋን ልስማ፤ ሦስት ዓመት ሞላት እኮ፣ እማማ ትበለኝ።» ስልኩን በልጄ ጆሮ ላይ አደረግሁ። ልጄ የመብራት ማብሪያውን ታያለች። እናቴ ትጠብቃለች። «የኔ ዓለም? አለሽ?» ትጠብቃለች። መቋቋም አቃተኝ፣ ስልኩን ወደ አፌ አስጠግቼ በቀጭኑ «እማማ» አልኩ። እናቴ እልል አለች። ብቻዋን፣ ባዶ ቤት ውስጥ፣ እልል አለች፣ ከዚያ ሳቀች። በቃ። አንዴ ብቻ ነበር ያልኩት። አንድ ጊዜ ግን ብቻውን አይኖርም፣ ወንድም ይፈልጋል።

ድምፁ ከእሷ ጋር አደገ። አራት ዓመት ላይ ኮልታፋ አደረግኋት፣ ስድስት ላይ አስተካከልኩላት። ውሻ ትፈራለች፣ ሥዕል ትወዳለች፣ እንቁላል አትበላም፣ ከአስተማሪዋ ጋር ትከራከራለች። እናቴ ምክር ትጠይቃታለች፤ እሷም ትመክራታለች። ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ትሰማለች። አንድ እሑድ እጇን ዘርግታ ጉሮሮዬ ላይ አደረገችው፣ እኔ እሷን ሆኜ እያወራሁ፣ ንዝረቱን ይዛ ቆየች። ምን እንደተሰማት አላውቅም፤ የማላውቀውን አላወራም፣ ይበቃኛል። የባሰው ግን ይህ አይደለም። የባሰው፣ ይጣፍጠኝ የነበረ መሆኑ ነው። ያቺ ልጅ ደፋር ናት። እናቴ «የኔ ዓለም፣ የኔ ማር፣ ሺህ ዓመት ኑሪልኝ» ስትላት እኔ ነኝ የምሰማው፤ እኔን በልጅነቴ እንዲህ ብላኝ አታውቅም፣ «ምነው ይቺ ልጅ ምላስ የላትም?» ነበር የምትለኝ። አራት ዓመት ሙሉ በልጄ ስም የእናቴን ፍቅር በላሁ። የማፍረው በመዋሸቴ ሳይሆን እሑድን በጉጉት በመጠበቄ ነው።

ጠዋት ለፀጉር ሠሪዋ ነገርኳት። አብራን ነው የምትኖረው፣ በሌላኛው ክፍል ከልጇ ጋር፤ እኔ ሌሊት ስሠራ የእኔዋን ትጠብቃለች፣ እሷ ቀን ስትሠራ የእሷን እጠብቃለሁ። ጫማዬን ሳላወልቅ አየችኝና «አንቺ ምን ሆነሻል? ያልታጠበ አንሶላ መስለሻል» አለች። ተቀምጬ አወራሁላት፣ የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። አፏን ከፍታ ሰማችኝ።

«ድምፁን እስቲ አድርጊው።»

«ሂጂ ወዲያ!»

«አንዴ በሞቴ።»

አላደረግሁም።

«እንግዲያው ቀላል ነው፤ የእኔዋን ላውስሽ። ስምንት ዓመቷ ነው፣ ወሬ ከሆነ ሥራዋ ነው፣ በአንድ ማስቲካ እስከ ማታ ታወራልሻለች።»

«እናቴ የእኔዋን ፎቶ አላት።»

«ኮፍያ እናድርግላታ።»

«ቤት ውስጥ?»

«እሺ፣ ካሜራዬ ተሰብሯል በያት።»

«እስከ መቼ?»

«እስክትሞት» አለችና አፏን በሁለት እጇ ያዘች። «ይቅር በይኝ እህቴ፣ አፌ ነው፣ ልቤ አይደለም።» እኔ ግን አልተቀየምኳትም። አፏ ልክ ነበር። ሐሳቤ ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እዚያ ነው፤ እናቴ ልጄን ሳታውቃት እንድትሞት እየጠበቅሁ ኖሬያለሁ። ይህ ሐሳብ ነው አልጋ ላይ አጠገቤ የተኛው።

ተነስቼ ፊቴን ታጠብኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አውቶቡሷ መጣች፣ በር ላይ ቆምኩ፣ የአውቶቡሷ ረዳት ቀበቶውን ፈታችላት፣ «ዛሬ ስትዘምር ነው የዋለችው» አለችኝ፣ መዘመር ነው የምትለው፣ ደስ ይለኛል። ንቢት እጇን እያርገበገበች ወረደች። የመንገዱን አጥር ብረት ብረቱን እየነካች ሄደች፣ ሃያ ሁለት ብረት ነው፣ አንዱ ከተዘለለ ተመልሰን ከመጀመሪያው እንጀምራለን፣ ዛሬ አልተዘለለም። ቤት ገባን፣ ጫማዋን አወለቀች፣ የዳቦ ቅርፊቷን ሰጠኋት፣ በሚታወቀው ቦታዋ በማሞቂያው ጎን ተቀመጠች። ሰዓቱን አየሁ። አውራ ጣቴ ይቆጥር ጀመር፣ ተውኩት፣ ይቁጠር።

አሥር ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። የታየኝ አንድ ቅንድብና ግማሽ ግንባር ነው።

«ሃሎ! ይታይሻል? እታይሻለሁ?»

«ዝቅ አድርጊው እማዬ።»

«ምኑን?»

«ስልኩን።»

አገጯ መጣ። «ትንሽ ከፍ።»

«አንቺ ልጅ፣ አንዴ ዝቅ አንዴ ከፍ፣ መሰላል አደረግሽኝ እኮ!» ከዚያ ሙሉ ፊቷ መጣ። አርጅታለች። ስድስት ዓመት ሙሉ በድምፅ ብቻ ስለማውቃት አላረጀችም ነበር። «ከሳሽ» አለችኝ።

«ስልኩ ነው።»

«ስልክ አያከሳም። የት አለች?»

«እማዬ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ።»

«ከእሷ ጋር ላውራና ትነግሪኛለሽ።»

«ከእሷ ጋር አውርተሽ አታውቂም።»

አልገባትም። እኔም ቀጠልኩ፣ ከቆምኩ እንደማልጀምር ስለማውቅ። ልጄ አትናገርም አልኳት። ኦቲዝም ይባላል፣ ስትወለድም እንዲሁ ናት፣ ማንም አላደረገባትም፣ አልታመመችም። እሑድ እሑድ የምታወሪው ከእኔ ጋር ነበር። እናቴ ሳቀች። «ተይ እንጂ አንቺ፣ እኔ ድምፅ አላውቅም? ሰባት ልጅ አሳድጌ የሕፃን ድምፅ አላውቅም?» ምንም ምርጫ አልነበረኝም። ስልኩን ፊት ለፊቴ ይዤ፣ ግድግዳውን ሳላይ፣ እሷን እያየሁ፣ ምላሴን ወደ ላንቃዬ አስጠግቼ «እማማ፣ ደህና ነሽ?» አልኳት።

እናቴ አፌን አየች። የደስደስ ያለው ፊቷ ቀስ ብሎ እንደ ተነፈሰ ነገር ወረደ። ከዚያ ፊቷ ጠፋ፣ ጣሪያ መጣ፤ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣዋለች፣ የሚታየኝ አምፖሉና በዝናብ የቀለጠው የጣሪያ ጥግ ነው።

«እማዬ።»

ወንበር ሲጎተት ተሰማኝ።

«እማዬ፣ ተቆጪኝ።»

«ያቺስ?» አለች ከጣሪያው በታች።

«የትኛዋ?»

«የእኔዋ። ውሻ የምትፈራዋ። ያቺን ልጅ የት ላድርጋት?»

ለቁጣ ተዘጋጅቼ ነበር፣ ለእርግማንም። ለዚህ አልተዘጋጀሁም። አራት ዓመት ሙሉ ያሳደገቻትን ልጅ በአንድ ዓረፍተ ነገር ገደልኩባት፣ መቃብር እንኳ የላትም። እናቴ አለቀሰች። ድምፅ አውጥታ፣ ለአባቴ እንዳለቀሰችው። እኔም ስልኩን ይዤ የቤታችንን ጣሪያ አየሁ፣ አላባበልኳትም፣ ለማባበል መብት የለኝም።

ከኋላዬ ንቢት ጥርሷን ማፋጨት ጀመረች። ረጅሙ፣ ከባዱ። ዘወር አልኩ፤ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጥቷል። ወደ እሷ ሄድኩ፣ ስልኩን በማሞቂያው ማዶ ጫፍ ላይ አስደግፌ ተንበረከክሁ፣ መዳፎቼን ጉንጮቿ ላይ አድርጌ በቀስታ ተጫንኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ትንፋሿ እጄ ላይ ሞቀኝ።

«ያ የሚንቋቋው ምንድን ነው?» አለች እናቴ፣ በአፍንጫዋ። «ድሮም እሰማዋለሁ፤ በሩ ነው ትይኝ ነበር።»

«ጥርሷ ነው።»

«ጥርሷ? ወስፋት ነዋ! ምነው ልጄ፣ ወስፋት እኮ ነው፣ ምን ሆነሽ ነው ዝም ያልሽው?»

«ወስፋት አይደለም እማዬ። አጠጥቼያት አውቃለሁ፣ አይደለም። ድምፅ ሲበዛባት መንጋጋዋን አጥብቃ ትይዛለች፣ እንደ መደገፊያ። አሁን ያፋጨችው አንቺ ስታለቅሺ ሰምታ ነው።»

ጣሪያው ተንቀሳቀሰ። የእናቴ ፊት መጣ፣ እርጥብ፣ በጣም ቅርብ፣ ዓይንና አፍንጫ ብቻ።

«ሰማችኝ?»

«ሁሉንም ትሰማለች።»

በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፣ ስልኩንም ጠረገችው። «አንቺን ገና አልታረቅሁሽም» አለች። «እወቂው። መቼ እንደምታረቅሽም አላውቅም። እሷን አምጪልኝ።»

«አላመጣትም። ከፈለገች ራሷ ትመጣለች። ጠብቂያት። አትጥሪያት፣ አታውሪ።»

«ምንም?»

«ምንም።»

እናቴ በሕይወቷ ሁለት ደቂቃ ዝም ብላ አታውቅም፤ በለቅሶ ቤት እንኳ ታወራለች። ዝም አለች። ከንፈሯን ነክሳ፣ ዓይኗን አፍጥጣ፣ ፈተና ላይ እንደ ተቀመጠ ተማሪ ዝም አለች። ንቢት መጀመሪያ የስልኩን ጠርዝ አየች፣ ቀጥሎ በስልኩ ላይ ያረፈውን የማሞቂያውን ጥላ፣ ቀጥሎ ጥላውን ትታ ተነሳች። መጥታ ተንበረከከች። እናቴ እጇን ወደ አፏ ስትወስድ አየሁ፣ አልተናገረችም። ልጄ ስልኩን በሁለት እጇ አነሳችው፣ በማሞቂያው ሞቋል፤ ጉንጯ ላይ፣ ልክ መንጋጋዋ ላይ ለጠፈችው፣ ዓይኗን ጨፈነች።

«ጨለመብኝ» አለች እናቴ በሹክሹክታ።

«ጉንጯ ነው።»

ማፋጨቱ እንደገና ተጀመረ፣ ቀለል ያለው፣ የፊት ጥርሷ፣ ከሥሩም ያ የጉሮሮዋ ማጉረምረም። እኔ ወደ ስልኩ ጠጋ አልኩ፣ ይህኛው ሌላ ነው፣ ይሄ እንኳ ምን እያለች መሰለሽ፣ ብዬ ልጀምርላት አፌን ከፈትኩ።

«ዝም በይ እስቲ አንቺ» አለችኝ እናቴ ከልጄ ጉንጭ ሥር። «እየሰማኋት ነው።»